በውጭ አገር የሚኖሩ ብሪታንያውያን የመምረጥ መብትና የፖለቲካ ተሳትፎ

በውጭ አገር የሚኖሩ የብሪታንያ ዜጎች፣ ከአገራቸው ከወጡ ስንትም ዓመት ቢሆናቸው፣ ለአገራቸው ፓርላማ ድምፅ መስጠት የሚችሉት ከጃንዋሪ 16 ቀን 2024 ወዲህ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት መብቱ በዓመታት የተገደበ ነበር፤ ከ1985 በፊት ደግሞ ለተራው ዜጋ ከነጭራሹ አልነበረም። መብቱ ዛሬም ቢሆን የሚመለከተው በዌስትሚኒስተር ለሚገኘው የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት የሚደረገውን ምርጫ ነው። የከተማና የአውራጃ ምክር ቤቶችን፣ ከንቲባዎችን፣ እንዲሁም የስኮትላንድን፣ የዌልስንና የሰሜን አየርላንድን ምክር ቤቶች አይጨምርም።

የመብቱ አመጣጥ

ከአገር ውጭ ሆኖ የመምረጥ ፈቃድ መጀመሪያ የተሰጠው ለወታደር ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በ1918 የወጣው የምርጫ ሕግ በግዳጅ ላይ ያሉ ወታደሮች በፖስታ ወይም በወኪል እንዲመርጡ አደረገ። በኋላም የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ ዲፕሎማቶችና የብሪቲሽ ካውንስል ባልደረቦች ተመሳሳይ መብት አገኙ። ለንግድ፣ ለትምህርት፣ ለትዳር ወይም ለጡረታ ባሕር የተሻገረው ሰው ግን ፓስፖርቱ በእጁ እያለ ስሙ ከመራጮች መዝገብ ይፋቅ ነበር።

በ1985 የወጣው ሕግ ይህንን ለወጠ፤ ዜጋው ከአገር በወጣ በ5 ዓመት ጊዜ ውስጥ እንዲመርጥ ፈቀደ። በ1989 ገደቡ ወደ 20 ዓመት ከፍ አለ። በ2000 የወጣው የፓርቲዎችና የምርጫ ሕግ መልሶ ወደ 15 ዓመት አወረደው፤ ይህም ከኤፕሪል 2002 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። አንድ ሰው ከአገሩ ጋር ያለው ቁርኝት ስንት ዓመት እንደሚቆይ በቁጥር መለካት እንደማይቻል ከዚህ መለዋወጥ ራሱ መረዳት ይቻላል። ሕግ አውጪዎቹ 5ም፣ 20ም፣ 15ም ሲሉ ያቀረቡት ምክንያት ያው አንድ ነበር፦ ረጅም ጊዜ የራቀ ሰው፣ ሕጉ እሱን ራሱን ለማይነካበት ኅብረተሰብ መንግሥት ሊመርጥ አይገባም የሚል።

መብቱ በተሰጠበት ዘመን የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት ነበር። በውጭ የተመዘገቡ መራጮች ቁጥር እስከ 2015 ድረስ ከ35 ሺህ በላይ ወጥቶ አያውቅም፤ በውጭ አገር የሚኖረው ብሪታንያዊ ግን በሚሊዮኖች ይቆጠራል። በ2014 በኢንተርኔት መመዝገብ ሲፈቀድና ክርክሩ ወደ አውሮፓ ኅብረት አባልነት ሲዞር ቁጥሩ ባንድ ጊዜ ተመነደገ፤ በ2015 ከ100 ሺህ አለፈ፣ በ2017 ምርጫ ወደ 285 ሺህ ደረሰ።

የሃሪ ሺንድለር ክርክር

የ15 ዓመቱ ገደብ በሕዝብ ዘንድ ሊታወቅ የቻለው ከሁሉ በላይ በአንድ ሽማግሌ ምክንያት ነው። ሃሪ ሺንድለር በ1921 ለንደን ተወለዱ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን ዘምተው በአንዚዮ ግንባር ተዋግተዋል። በ1982 ጠቅልለው ወደ ጣሊያን ሄዱና በአድሪያቲክ ባሕር ዳር ኑሯቸውን መሠረቱ። ከአገራቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት ግን አልተቋረጠም፤ ጣሊያን ውስጥ የወደቁ የብሪታንያ ወታደሮች የት እንደሞቱ እያፈላለጉ ለቤተሰቦቻቸው ያሳውቁ ነበር፤ ለአገልግሎታቸውም ከንግሥቲቱ ሜዳይ ተሸልመዋል። ይሁንና 15 ዓመቱ ስላለፈ ድምፅ መስጠት አይችሉም ነበር።

ሺንድለር መንግሥታቸውን በስትራስቡርግ በሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በሜይ 2013 በሰጠው ውሳኔ፣ ብዙ አገሮች ለውጭ ነዋሪ ዜጎቻቸው መብቱን ወደ መስጠት እያዘነበሉ መሆናቸውን ቢቀበልም፣ መንግሥታት መራጩን ከአገሩ ጋር የቅርብ ትስስር ላለው ሰው ለመወሰን ሰፋ ያለ ሥልጣን አላቸው፤ 15 ዓመትም አጭር ጊዜ አይደለም ሲል መብታቸው አልተጣሰም አለ። አዛውንቱ ተረትተውም አልተቀመጡም። በ2016 የአውሮፓ ኅብረት ሕዝበ ውሳኔ ሲቃረብ ቤልጂየም ከሚኖሩ አንዲት ብሪታንያዊት ጋር ሆነው ለንደን ውስጥ ሌላ ክስ መሠረቱ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም፣ ይግባኝ ሰሚውም ውድቅ አደረጉት።

ገደቡን የሚሽረው የምርጫ ሕግ የንግሥቲቱን ፈቃድ ያገኘው ኤፕሪል 28 ቀን 2022 ነው። ሺንድለር ያን ጊዜ የ100 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ሕጉ በወጣበት ዕለት ሥራ ላይ ስላልዋለና ማስፈጸሚያ ደንቦቹም ጊዜ ስለወሰዱ፣ ፌብሩዋሪ 2023 በ101 ዓመታቸው ጣሊያን ውስጥ ሲያርፉ የታገሉለት መብት ገና በእጃቸው አልገባም ነበር። ምዝገባው የተከፈተው ከ11 ወራት በኋላ ነው።

የ2016 ሕዝበ ውሳኔ

በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደ ጁን 23 ቀን 2016 ያለ መራር ቀን የለም። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ በሚለው ጥያቄ የኑሮ መሠረታቸው በቀጥታ የሚናጋው በስፔን፣ በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በጀርመን የሚኖሩት ብሪታንያውያን ነበሩ፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ የሕክምና ዋስትናቸውና የመሥራት መብታቸው የተያዘው በኅብረቱ አባልነት ነበርና። ከእነዚህ መካከል ከ15 ዓመት በላይ የቆዩት ድምፅ ተከልክለዋል። በአንጻሩ ብሪታንያ ውስጥ የሚኖሩ የአየርላንድና የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ግዛቶች ማኅበር) አገሮች ዜጎች መርጠዋል፤ ማልታና ቆጵሮስ ኮመንዌልዝ ውስጥ ስለሆኑ፣ ለንደን የሚኖር የቆጵሮስ ዜጋ ሲመርጥ ቆጵሮስ የሚኖር ለንደናዊ ላይመርጥ ይችል ነበር። ውጤቱ 51.9 በመቶ ለ48.1 በመቶ ሆኖ «እንውጣ» ያሉት በ1,269,501 ድምፅ አሸነፉ። የተከለከሉት ቢፈቀድላቸው ውጤቱ ይገለበጥ ነበር ወይ ለሚለው እርግጠኛ መልስ መስጠት አይቻልም፤ ፍትሕ መጓደሉን ለመረዳት ግን ይህ ስሌት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ተመሳሳይ ጥያቄ ከሁለት ዓመት በፊት በስኮትላንድም ተነሥቶ ነበር። እኛ በልማድ «እንግሊዝ» ብለን የምንጠቀልለው አገር የአራት አገሮች ጥምረት ነው። በሴፕቴምበር 2014 ስኮትላንድ ነጻ አገር ትሁን አትሁን በሚለው ሕዝበ ውሳኔ የመምረጥ መብት የተሰጠው ለስኮትላንድ ነዋሪ ብቻ ስለነበር፣ ኤድንብራ የሚኖር ፖላንዳዊ ሲመርጥ ለንደን ወይም ቶሮንቶ የሚኖር ስኮትላንዳዊ አልመረጠም።

አሁን ያለው ሕግ

ዛሬ በውጭ ሆኖ ለመመዝገብ ሁለት ነገሮች ይጠየቃሉ፦ ዜግነትና የቀድሞ መኖሪያ። አመልካቹ በአንድ ወቅት ብሪታንያ ውስጥ በመራጭነት ተመዝግቦ ከነበረ በመጨረሻ በተመዘገበበት አድራሻ፣ ተመዝግቦ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ በመጨረሻ በኖረበት አድራሻ ይመዘገባል። የቀድሞውን አድራሻ የሚያረጋግጥ ሰነድ ከጠፋ ሌላ መራጭ ሊመሰክርለት ይችላል። ቀድሞ በየዓመቱ መታደስ የነበረበት ምዝገባ አሁን እስከ ሦስት ዓመት ይቆያል። መንግሥት በአዲሱ ሕግ ድምፅ የመስጠት ዕድል የሚከፈትላቸውን ዜጎች ቁጥር ወደ 3 ሚሊዮን ገምቶታል። በውጭ አገር ተወልዶ ብሪታንያ ውስጥ ኖሮ የማያውቅ ሰው ግን ዜግነቱ ሙሉ ቢሆንም እንኳ አይመርጥም፤ የሚቆጠርበት የምርጫ ክልል የለውምና።

ድንጋጌው ትውልደ ኢትዮጵያውያን የብሪታንያ ዜጎችንም ይመለከታል። ለንደን ውስጥ ዓመታት ኖሮ የብሪታንያ ዜግነት ከወሰደ በኋላ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰ ሰው፣ የኢትዮጵያ ሕግ ጣምራ ዜግነትን ስለማይቀበል፣ የሚኖረው በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» በሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። ካርዱ ያለ ቪዛ መግባትን፣ መሥራትንና ሀብት ማፍራትን ሲፈቅድ መምረጥንና መመረጥን በግልጽ ይከለክላል። እንግዲህ ይህ ሰው በሚኖርበት በአራዳ ወይም በቦሌ ድምፅ የለውም፤ ከአሥር ዓመታት በፊት ቤት በተከራየበት የለንደን ሰፈር ግን አለው።

የፖስታው ጉዳይ

የዓመታት ገደብ ከተነሣ በኋላ መብቱ የሚሰናከለው በፖስታ ጉዞ ላይ ነው። ብሪታንያ በኤምባሲዎቿ የምርጫ ጣቢያ አትከፍትም፤ በኢንተርኔትም ድምፅ አትቀበልም። ውጭ ያለው መራጭ በዕለቱ በአካል ካልተገኘ ያለው ምርጫ ፖስታ ወይም ወኪል ነው።

በፖስታ የሚደርሰው ጥቅል ሲከፈት አራት ነገሮች ይገኙበታል፦ የድምፅ መስጫው ወረቀት፣ የትውልድ ቀንና ፊርማ የሚሰፍርበት ቅጽ፣ «ሀ» የተባለው ትንሽ ፖስታና «ለ» የተባለው ትልቅ ፖስታ፤ ፊደሎቹ እርግጥ የላቲን ናቸው። መራጩ በመረጠው ዕጩ አንጻር ምልክት አድርጎ ወረቀቱን በትንሹ ፖስታ ያሽጋል፤ ቅጹን ሞልቶ ይፈርማል፤ ሁለቱንም በትልቁ ፖስታ ውስጥ አድርጎ ይልካል። ፊርማው በማመልከቻው ላይ ካለው ካልተመሳሰለ ወይም የፊርማውን ቀን በትውልድ ቀን ቦታ ከጻፈ ድምፁ አይቆጠርም። የታሸገው ፖስታ በምርጫው ዕለት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ በአስመራጩ ጽሕፈት ቤት እጅ መግባት አለበት።

የ2024ቱ ምርጫ ቀን የተቆረጠው በሜይ 22 ነበር። የዕጩዎች ምዝገባ የተዘጋው ጁን 7 ሲሆን ምርጫው ጁላይ 4 ተካሄደ። ዕጩዎቹ ሳይታወቁ ወረቀቱ ሊታተም ስለማይችል፣ ማተሙም፣ ወደ አውስትራሊያ ወይም ወደ ደቡብ አፍሪካ መላኩም፣ ተሞልቶ መመለሱም ከ4 ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ መጠናቀቅ ነበረበት። ብዙ ሰዎች ወረቀቱ የደረሳቸው ምርጫው ሊደረግ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አለዚያም ካለፈ በኋላ ነበር። ስለዚህ ከአውሮፓ ራቅ ብሎ ለሚኖር ሰው ወኪል መሾሙ ይሻላል። ችግሩ ለ20 ወይም ለ30 ዓመት ከአገሩ የራቀ ሰው በድሮ ሰፈሩ የሚያምነው ወኪል ማግኘቱ ነው። ሕጉም አንድ ወኪል ከአራት ሰው በላይ እንዳይወክል፣ ከእነዚህ አራት ሰዎች መካከልም ብሪታንያ ውስጥ የሚኖሩት ከሁለት እንዳይበልጡ ይገድባል።

የውክልና ጥያቄ

ፈረንሳይ ከ2012 ጀምሮ ውጭ ለሚኖሩ ዜጎቿ 11 የፓርላማ መቀመጫ መድባለች። ጣሊያንም ከ2006 ወዲህ እንዲሁ ታደርጋለች፤ ዛሬ 8 የታችኛው ምክር ቤት አባላትና 4 ሴናተሮች በውጭ ነዋሪዎች ይመረጣሉ። የብሪታንያ ውጭ ነዋሪዎች ድምፅ ግን በ650ዎቹ የምርጫ ክልሎች ይበተናል። በአንድ ክልል ጥቂት መቶ ብቻ ስለሚሆኑ፣ ተመራጩ በስፔን ባሕር ዳር የሚኖሩ መራጮቹን ጉዳይ የሚያነሣበት የፖለቲካ ግፊት የለበትም። ሊበራል ዴሞክራቶች ለውጭ ነዋሪዎች የተለየ የምርጫ ክልል ይቋቋም የሚለውን ሐሳብ በምርጫ ሰነዳቸው አካተውታል። ሐሳቡ ትክክል ይመስለኛል፤ ድምፅ ያለ ተወካይ ግማሽ መብት ነው።

በዚህ ጉድለት ሳቢያ ሰሚ ካጡት አቤቱታዎች ዋናው የጡረታ ነው። የብሪታንያ የመንግሥት ጡረታ በየዓመቱ ይጨምራል፤ ጭማሪው ግን በአውሮፓ ኅብረት አገሮች፣ በአሜሪካና ስምምነት ባላቸው ሌሎች አገሮች ለሚኖሩ ብቻ ይከፈላል። በካናዳ፣ በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድ፣ በደቡብ አፍሪካና በኢትዮጵያም ጭምር የሚኖር ጡረተኛ መጀመሪያ እዚያ ሆኖ ሲቀበል በነበረው መጠን ላይ እንደቆመ ዕድሜውን ይጨርሳል። እንዲህ ያሉት ጡረተኞች ከ400 ሺህ በላይ ናቸው። ጉዳዩ እስከ ስትራስቡርግ ታላቅ ችሎት ደርሶ በማርች 2010 ጡረተኞቹ ተረቱ።

ፓርቲዎቹ በበኩላቸው ውጭ ነዋሪውን በአባልነት ያደራጃሉ። ወግ አጥባቂዎቹም፣ ሌበርም፣ ሊበራል ዴሞክራቶቹም ለውጭ አባላቶቻቸው የቆሙ ክንፎች አሏቸው። በመራጭነት የተመዘገበ ሰው ከ500 ፓውንድ በላይ ለፓርቲ መስጠት ስለሚፈቀድለት፣ የ15 ዓመቱ ገደብ ሲነሣ ግብር ብሪታንያ ውስጥ የማይከፍሉ ባለጠጎች ፖለቲካውን በገንዘብ ያዞሩታል የሚል ሥጋት ተነሥቶ ነበር። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን የልገሳውን መጠን መገደብ እንጂ ድምፅ መንፈግ አይደለም።

በሚኖሩበት አገር

የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ በሚኖርበት አባል አገር በአካባቢ ምርጫ መምረጥና መመረጥ ይችላል። በዚህም መብት በፈረንሳይ ገጠር ከ700 በላይ ብሪታንያውያን የቀበሌያቸው ምክር ቤት አባላት ነበሩ፤ በትንንሽ መንደሮች የመንገድን፣ የትምህርት ቤትንና የውሃን ጉዳይ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ይወስኑ ነበር። ብሪታንያ በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ከኅብረቱ ስትወጣ በማርች በተደረገው የፈረንሳይ የአካባቢ ምርጫ መወዳደርም፣ መምረጥም ቀረባቸው። ከስፔን፣ ከፖርቱጋልና ከሉክሰምበርግ ጋር በ2019፣ ከፖላንድ ጋር ደግሞ በ2020 የተፈረሙ የሁለትዮሽ ስምምነቶች መብቱን በእነዚያ አገሮች አተረፉት።

ከሁሉ የተሻለ ቦታ ያላቸው በአየርላንድ የሚኖሩት ናቸው፤ ዜግነት ሳይለውጡ ለአየርላንድ የታችኛው ምክር ቤት ይመርጣሉ፣ በፕሬዚዳንት ምርጫና በሕዝበ ውሳኔ ግን አይሳተፉም። በአውስትራሊያ ደግሞ ከጃንዋሪ 26 ቀን 1984 በፊት በመራጭነት ተመዝግበው የነበሩ ብሪታንያውያን የአውስትራሊያን ዜግነት ባይወስዱም እስከ ዛሬ መራጮች ናቸው፤ በዚያ አገር መምረጥ ግዴታ ስለሆነም ያለ በቂ ምክንያት ከቀሩ እንደማንኛውም አውስትራሊያዊ መቀጮ ይከፍላሉ።