«ገበሬው አልገባውም» እና ሌሎች የከተማ ወሬዎች

ጤፍ በተወደደ ቁጥር ታክሲ ውስጥ የግብርና ባለሙያ ይበዛል። አንዱ «ገበሬው ሰነፈ» ይላል። ሌላው «የለም፣ ሀብታም ሆኖ ነው፤ እህሉን ደብቆት ነው» ይላል። ረዳቱ ሳይቀር የሚለው አያጣም። ከነዚህ ወሬዎች ውስጥ ደጋግሜ የምሰማቸውን፣ አንዳንዶቹንም እኔ ራሴ ለዓመታት አምኜ የኖርኳቸውን፣ እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ገበሬው አዲስ ነገር አይወድም»

ይህን የሚል ሰው አርሲና ባሌ ደርሶ የስንዴውን ታሪክ ይጠይቅ። ኩብሳና ገላማ የሚባሉ የስንዴ ዝርያዎች አካባቢውን ለዓመታት ይዘውት ነበር። በ2002/03 ዓ.ም መኸር ቢጫ ዋግ የሚባል የስንዴ በሽታ መጣና ማሳውን ጨረሰው። ገበሬው ምን አደረገ? ዋጉን የሚቋቋም ዲገሉ የተባለ ዘር ነበርና በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደዚያ ዞረ። በ2006 ዓ.ም ደግሞ ሌላ ዓይነት ዋግ፣ የግንድ ዋግ፣ ዲገሉን ለይቶ መታው። አሁንም ገበሬው አልቆመም። ካካባ፣ ዳንዳአ፣ ኦጎልቾ ወደሚባሉት ሄደ። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለቴ ዘር መቀየር ማለት ነው። እኛ ስልክ የምንቀይረው እንኳ እንዲህ ተቸግረን አይደለም።

እዚያው አካባቢ ትንሽ ማሳ ያለው ገበሬ ሳይቀር ስንዴውን ኮምባይነር ተከራይቶ ያጭዳል። ኮምባይነሩ የሱ አይደለም። ግን የደቦ ድግስ፣ የአጫጅ ቀለብና በመኸር ዝናብ የሚበላሸው እህል ተደምሮ ከኪራዩ እንደሚበልጥ አስልቶታል።

ታዲያ «አይወድም» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ ጤፍን በመስመር የመዝራት ዘመቻ ይመስለኛል። ምክሩ በወረቀት ላይ ያምራል፤ ለሄክታር 30 ኪሎ ዘር ይበተን የነበረው ወደ 5 ኪሎ ግድም ይወርዳል፣ ምርቱም ይጨምራል። ነገር ግን የጤፍ ፍሬ ከአሸዋ ቅንጣት አይበልጥም። ጎንበስ ብሎ በእጅ በመስመር መዝራት ቀናት ይፈጃል። ያውም በሐምሌ፣ ሰው ሁሉ በየማሳው በተጠመደበት ሰዓት። ብዙዎች ሞክረውት ተዉት። ባለሙያው «አልገባውም» ብሎ ሪፖርት ጻፈ። ለእኔ ግን ገብቶታል። የጉልበቱን ዋጋ ደምሮ ነው የተወው።

አንድ ነገር ልጨምር። ደመወዝተኛ ሰው አዲስ ነገር ሞክሮ ቢከስር ወር ጠብቆ ደመወዙን ያገኛል። ገበሬው ሞክሮ ከከሰረ የሚቀጥለው ዕድል የሚመጣው ከዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ልጆቹ መብላት አለባቸው። ከሁለት ጥማድ መሬት ግማሿን ለሙከራ መስጠት ቀልድ አይደለም።

«ማዳበሪያ ከተጨመረ ምርት ይጨምራል»

አንዳንድ ቦታ አዎ። ግን ከአገሪቱ የሚታረስ መሬት 40 በመቶ ገደማው አፈሩ በአሲዳማነት ተጠቅቷል። ዝናብ በሚበዛባቸው የጎጃምና የወለጋ አካባቢዎች ይብሳል። አፈር ሲጎመዝዝ አሉሚኒየሙ የተክሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረሱንም አፈሩ አሥሮ ይይዘዋል። ገበሬው ተበድሮ የገዛው ማዳበሪያ መሬት ውስጥ ገብቶ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። ዩሪያ ደጋግሞ መጨመር ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል።

መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ኖራ ነው። ችግሩ ብዛቱ ነው። ለአንድ ሄክታር በአሥር ኩንታሎች የሚቆጠር ኖራ ያስፈልጋል። ድንጋዩን የሚፈጭ ፋብሪካ፣ የሚጭን መኪና፣ መኪናው የሚገባበት መንገድ ይጠይቃል። በአህያ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

የአዊ ገበሬዎች ይህን ሳይጠብቁ ሌላ ዘዴ አመጡ። ፋግታ ለኮማና አካባቢው ብትሄዱ ዲከረንስ የሚባል የግራር ዘመድ ኮረብታውን ሸፍኖት ታያላችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክሉታል። ጤፉ ይታጨዳል፣ ዛፉ ያድጋል። አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ከዚያ መሬቱ ተመልሶ ይዘራል። ዛፉ ናይትሮጅን ስለሚሰጥ አፈሩም ትንሽ ያገግማል። ከተማ ውስጥ ቡና ከሚፈላበት ከሰል ስንቱ ከዚያ እንደሚመጣ ብናውቅ ኖሮ «ገበሬው ደን ጨረሰ» ከማለታችን በፊት እናስብ ነበር። ይህኛው ደን የተተከለ ነው። አሁን ግን ዛፉን በሽታ ገብቶበታል። ሁሉም አንድ ዛፍ ላይ ሲንጠለጠል የሚመጣው አደጋ ከዲገሉ ጋር አንድ ነው።

«እህል ሲወደድ ገበሬው ይከብራል»

እህል የሚወደደው መቼ ነው? ክረምት ላይ። ገበሬው የሚሸጠው መቼ ነው? በታኅሣሥና በጥር፣ ሁሉም በሚሸጥበት፣ ዋጋው በወደቀበት ሰዓት። ምክንያቱም የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ የልጅ ትምህርት አለ፣ ሰርግ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ከሸማቹ ወገን የሚሰለፈው አርሶ አደር ብዙ ነው። በጥር የሸጠውን ዓይነት እህል በነሐሴ በውድ ይገዛል።

ሽንኩርትማ አይወራ። መቂና ባቱ፣ ወይም የቆጋ መስኖ አካባቢ፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ካወጣ ዋጋው ለለቀማ እንኳ አይበቃም። ማስቀመጫ የለም። ስለዚህ የመጣው ደላላ ያለውን ዋጋ ይቀበላል። ደላላን መስደብ ቀላል ነው። ግን ሽንኩርቱ ለወር የሚቆይበት መጋዘን ቢኖር የደላላው ጉልበት በራሱ ይቀንስ ነበር።

ወጪው ደግሞ ከዓለም ጋር ይወጣል። ማዳበሪያው በጅቡቲ በኩል በዶላር ተገዝቶ ይገባል። በ2014 ዓ.ም የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የዓለም ዋጋ ናረ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ ዶላሩ እጥፍ ሆነ። ሁለቱም እስከ ገበሬው ጓሮ ደርሰዋል።

«ወጣቱ እርሻ ንቆ ነው የሚፈልሰው»

ይህ ወሬ ያናድደኛል። ሲጀመር የትኛውን መሬት? በአማራ ክልል መሬት ለመጨረሻ ጊዜ በሰፊው የተሸነሸነው በ1989 ዓ.ም ነው። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ትዳር ይዞ፣ ልጆች ወልዶ ይሆናል። ድርሻው ግን ገና የአባቱ ማሳ ላይ ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ ወጣቱ ያለው መንገድ ውርስ መጠበቅ፣ መከራየት ወይም የእኩል ማረስ ነው። አባት ያለችውን አንድ ሄክታር ለአራት ልጅ ከቆረሳት ለማንም አትበቃም።

እርሻን የናቀ ቢሆን ኖሮ ውኃ ባለበት ሁሉ ወጣቶች ፓምፕ ይዘው ለምን ይሻማሉ? እህቱ ከአረብ አገር በላከችው ብር ፓምፕ ገዝቶ፣ ከሽማግሌ መሬት ተከራይቶ ቲማቲም የሚያለማ ወጣት በየመስኖው አለ። የናቀው እርሻን ሳይሆን ያለ መሬት ገበሬ መባልን ነው።

«ገበሬ ማለት ወንድ ነው»

ደገኛው አገር ሴት ሞፈር አትይዝም የሚለው ልማድ አሁንም አለ። ያረመችው፣ ያጨደችው፣ ዘሩን መርጣ ያስቀመጠችው ግን እሷ ናት። ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን የእኩል ትሰጥና የምርቱን ግማሽ ታጣለች። አንድ ጥሩ ለውጥ አለ፤ የይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም ከነፎቶው መውጣቱ። ፍቺ ሲመጣ ያቺ ፎቶ ብዙ ትሠራለች።

«ስልክና ሳተላይት የገበሬ ጉዳይ አይደለም»

በ2009 ዓ.ም የአሜሪካ መጤ ተምች በቆሎ ላይ ሲዘምት ገበሬው ትሉን በእጁ እየለቀመ ይገድል ነበር። ግን 8028 ላይ በነፃ ደውሎ በቋንቋው ምክር መስማትም ይችል ነበር። ያልተማረ አባት ልጁን «እስቲ ደውልልኝ» ይላል፣ ድምፁን ከፍ አድርገው አብረው ይሰማሉ።

ሳተላይቱ የመጣው ደግሞ በቡና በኩል ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2013 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና እንዳይገባ ሕግ አውጥቷል። ተፈጻሚነቱ ተደጋግሞ ቢራዘምም ሕጉ አልቀረም። ደን አለመመንጠሩ በሳተላይት እንዲታይ እያንዳንዱ ማሳ በካርታ ላይ ነጥብ ሊኖረው ይገባል። ጀርመን ከትልልቅ የቡና ገዢዎቻችን አንዷ ስለሆነች ጉዳዩ ተራ አይደለም። በጎ ጎኑ ይታየኛል፤ ማሳው የታወቀ ቡና በስሙ ተጠርቶ በተሻለ ዋጋ ሊሸጥ ይችላል። የጅማና የከፋ ገበሬ ደግሞ ቡናውን ድሮም ከዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚያሳድገው፣ ሕጉ የሚፈልገውን ሲያደርግ ነው የኖረው። ግን ከግማሽ ሄክታር የማይበልጥ ማሳ ሁሉ እየተዞረ ነጥቡ ይያዝ ሲባል ወጪውን የሚችለው ማነው? ያልተመዘገበለት ሰው፣ ጫካውን ሳይነካ ቢኖርም፣ ቡናው ሌላ ገበያ በሌላ ዋጋ ይፈልጋል።