ባክአፕ ሪስቶር ሲንቀራፈፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እዚህ ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ፋርማሲው፣ ሆቴሉ፣ ክሊኒኩ ሽያጩን ሰርቨር ላይ ነው የሚይዘው፣ ሰርቨሩ ሲበላሽ ደንበኛ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ሪስቶሩ (ከባክአፕ፣ ማለትም ከተቀመጠው ቅጂ፣ ዳታውን የመመለሱ ስራ) አላልቅ ይላል፣ ከዛ ሁሉም የየራሱን ይናገራል። ብዙው ስህተት ነው፣ አንዳንዱማ ዳታ ያስጠፋል።

«ፋይሉ ትንሽ ነው ቶሎ ያልቃል» የሚለው አይሰራም። ኤስኪውኤል ሰርቨር (የማይክሮሶፍቱ የዳታቤዝ ፕሮግራም) ባክአፑ ውስጥ የሚያስገባው ዳታ ያለበትን ክፍል ነው፣ ሪስቶር ሲሆን ግን ዳታ ፋይሉንም ሎግ ፋይሉንም (ለውጡ ሁሉ የሚመዘገብበትን) በድሮ መጠናቸው ነው የሚፈጥራቸው። ባክአፑ 3 ጊጋ ሆኖ ሎጉ ማንም ሳያየው 80 ጊጋ የደረሰ ከሆነ ያንን ሁሉ ዲስኩ ላይ በዜሮ መሙላት አለበት፣ እስከዛ ፐርሰንቱ 0 ላይ ቆሞ ታዩታላችሁ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት «ሪስቶር ፋይልሊስትኦንሊ» የሚለውን ትዕዛዝ አስነሱ፣ የእያንዳንዱን ፋይል ትክክለኛ መጠን ያሳያችኋል። ሎጉ ካበጠ ደሞ ዋናው ሰርቨር ላይ ሎግ ባክአፕ የሚባል ነገር ተወስዶ አያውቅም ማለት ሊሆን ይችላል፣ እሱን አስተካክሉት።

በጣም የሚያሳስበኝ «100 ፐርሰንት ብሎ ቆመ፣ ሪስታርት አድርገው» የሚለው ነው። እባካችሁ አታድርጉ! ኮፒው ነው ያለቀው እንጂ ሰርቨሩ ገና ሎጉን እያነበበ ያላለቁ ትራንዛክሽኖችን (በመሃል የተቋረጡ ምዝገባዎችን) እየሰረዘ ነው፣ ይሄ ሪከቨሪ ይባላል። ኤረር ሎጉን (ሰርቨሩ ስለራሱ ሁኔታ የሚጽፍበትን ፋይል) ክፈቱ፣ ሪከቨሪው የት እንደደረሰ እዛ ይጽፋል። ካቋረጣችሁት ዳታቤዙ «ሪስቶሪንግ» እንዳለ ሊቀርና እንደገና ከዜሮ ልትጀምሩ ትችላላችሁ፣ መብራት ቢሄድም ያው ነው፣ ስለዚህ ዩፒኤስ ሳይኖር ትልቅ ሪስቶር አትጀምሩ።

«ራም ጨምርበት» የሚሉም አሉ። ታስክ ማናጀር ላይ ሲፒዩው ስራ ፈቶ ዲስኩ 100 ከሆነ ችግሩ ዲስኩ ነው። ባክአፑን ከፍላሽ ላይ ቀጥታ አታንብቡት፣ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ኮፒ አድርጉት፣ ከተቻለ ዳታቤዙ ከሚያርፍበት ሌላ ዲስክ ላይ።

ማይኤስኪውኤል በሚባለው ሌላ የዳታቤዝ ፕሮግራም ላይ ግን ነገሩ ይለያል፣ ዳምፑ (የባክአፕ ፋይሉ) ጽሁፍ ስለሆነ እያንዳንዱ መስመር እንደ አዲስ ይገባል ኢንዴክሱም (ፍለጋ የሚያፈጥነው ማውጫ) እንደ አዲስ ይሰራል። ራም ብትጨምሩም ኢኖዲቢ በፈር ፑሉን (ለዳታ የሚመደበውን የራም መጠን) ካላሳደጋችሁት ባለበት 128 ሜጋ ነው የሚጠቀመው። በፒኤችፒማይአድሚን (በብሮውዘር የሚከፈተው መሳሪያ) ከመጫንም በኮማንድ ላይን (ትዕዛዝ በመጻፍ) ይሻላል። ፍላሽ ሎግ አት ትራንዛክሽን ኮሚት የሚለውንም ሴቲንግ (ሎጉ ዲስክ ላይ መቼ እንደሚጻፍ የሚወስነውን) ለጊዜው 2 ማድረግ ያፈጥነዋል፣ ሲያልቅ ግን ወደ 1 መልሱት፣ አለዚያ መብራት ድንገት ሲጠፋ የመጨረሻዋ ሰከንድ ሽያጭ ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል።