የኮሎኖስኮፒ ክህሎት አሠለጣጠን

ኮሎኖስኮፒ ጫፉ ላይ ካሜራና መብራት ያለው ተጣጣፊ ቱቦ በፊንጢጣ ገብቶ፣ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝመው ትልቁ አንጀት እስከ መነሻው ድረስ የሚታይበት ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሐኪሞቹ ዊልያም ዎልፍ እና ሂሮሚ ሺንያ በኒው ዮርክ በዚሁ መሣሪያ ፖሊፕ (በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል፣ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል እብጠት) መቁረጥ ከጀመሩ ወዲህ ምርመራው ሕክምናም ጭምር ሆኗል። በባሕር ዳር የሐኪሞች ሥልጠና የሚመራው በ1992 ዓ.ም. በተመሠረተው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ጥበበ ግዮን ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ነው፤ የከተማዋ አንጋፋ ሆስፒታል ፈለገ ሕይወትም ለዚህ ሥልጠና ትልቅ ባለውለታ ነው።

ሠልጣኙ ቱቦውን ከመያዙ በፊት ታካሚን ማዘጋጀት ይማራል። አንጀት ካልጠራ የተካነ እጅም የሚያየው ነገር የለም። ስለዚህ ታካሚው ተልባና ሱፍን የመሳሰሉ ፍሬ ያላቸውን ምግቦች አስቀድሞ እንዲተው፣ የሚያስቀምጠውን መድኃኒትም በሰዓቱ እንዲጨርስ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፤ ከደቅ ደሴት በጀልባ የሚመጡ እናት መድኃኒቱን ቤታቸው ጠጥተው ከሚሳፈሩ ይልቅ በዋዜማው ከተማ ገብተው ቢያድሩ ይሻላል።

የሥልጠናው ዋና ፈተና ቱቦውን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ግራ እጅ መሣሪያውን ይዞ በአውራ ጣት ጫፉን የሚያጥፈውን ጎማ ሲያዞር፣ ቀኝ እጅ ቱቦውን ይገፋል፣ ይስባል፣ ያሽከረክራል። ጀማሪው ሲግሞይድ በሚባለው ጠመዝማዛ የአንጀት ክፍል ሲደርስ ስክሪኑ ድንገት ቀይ ብቻ ይሆንበታል፤ የካሜራው ጫፍ ግድግዳ ነክቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሠልጣኙ በደመ ነፍስ ይገፋል፤ ቱቦው ግን ሆድ ውስጥ ቀለበት ይሠራና ጫፉ ባለበት ይቆማል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ታካሚውም ያቃስታል። የአሠልጣኙ ትእዛዝ «ሳብ» የሚል ነው። ቱቦው ወደ ቀኝ እየተሽከረከረ ቀስ ብሎ ሲሳብ፣ በሱሪ ወገብ ውስጥ ገመድ ሲሳብ ጨርቁ እንደሚሸበሸብ ሁሉ አንጀቱ በቱቦው ላይ ይሰበሰባል፤ ቀለበቱ ይፈታል፣ ጫፉም ሳይገፋ ወደ ፊት ይሄዳል። ቱቦው ቀጥ ብሎ መነሻው ላይ ከደረሰ፣ በላዩ የታተመው ልኬት በፊንጢጣው አጠገብ ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ያነብባል፤ 120 ካነበበ ቀለበቱ አልተፈታም። ታካሚውን በጀርባው ወይም በቀኝ ጎኑ ማስተኛትና ረዳቷ ሲስተር ሆዱን ደገፍ አድርጋ እንድትጫን ማድረግ ያግዛሉ። ሳይስብ የሚገፋ ሐኪም አንጀት ሊበሳ ይችላልና ይህ ሥርዓት በጥብቅ መጠበቅ አለበት።

ምርመራውን አስመስሎ የሚያለማምደው መሣሪያ፣ ሲሙሌተር፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጠቅማል፤ ታካሚን ግን አይተካም።

ስንት ምርመራ ሲሠራ ብቃት ይገኛል የሚለው አከራካሪ ነው። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ኢንዶስኮፒ ማኅበር ቀደም ሲል ብቃት ከመመዘኑ በፊት ቢያንስ 140 እንዲሠራ ይመክር ነበር፤ በማዮ ክሊኒክ የተደረገ ጥናት ግን አማካዩ ሠልጣኝ ብቃት ላይ የደረሰው 275 ገደማ ሲሠራ መሆኑን አሳይቷል። ከቁጥሩ ይልቅ አሠልጣኝ አጠገብ ቆሞ እያንዳንዱን ምርመራ መመዘኑ የተሻለ መለኪያ መሆኑ አያጠራጥርም።

መነሻው ላይ መደረሱ የሚረጋገጠው የትርፍ አንጀት ቀዳዳና ትንሹ አንጀት የሚገባበት ቫልቭ ሲታዩ ነው፤ ሁለቱም በፎቶ ይያዛሉ። ከዚያ ቱቦውን እያወጡ መመርመር ይከተላል፤ አንዳንድ አሠልጣኞች ቀለል ስለሚል ሠልጣኙን የሚያስጀምሩት ከዚህ ነው። ፖሊፕ የሚገኘው በዚህ ጊዜ ስለሆነ ቢያንስ 6 ደቂቃ ይመደብለታል፤ እያንዳንዱ እጥፋት ጀርባው ይታያል። በጣና ዳርቻ የሚሠለጥን ሐኪም ደግሞ ካንሰርን ብቻ አይፈልግም። በትል የሚመጣው ቢልሃርዚያ በአካባቢው የቆየ በሽታ በመሆኑ፣ ያበጠና ትናንሽ ጉብታዎች የወጡበት የአንጀት ሽፋን ሲያይ ናሙና ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል፤ በናሙናው ውስጥ የትሉ እንቁላል መኖሩ ይመረመራል።