«አንደኛ የገባው ነው ያሸነፈው» ለምትሉኝ ደንበኞቼ

ጅማ ውስጥ ብስክሌት እጠግናለሁ። እሁድ እሁድ ደግሞ ሠፈር ያሉ ወጣቶችን አስነዳለሁ። ሐምሌ ሲገባ ሱቄ ደጃፍ ላይ ክርክር አይጠፋም። ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣውም፣ ባጃጁን አቁሞ ቡና የሚጠጣውም የቱር ደ ፍራንስ፣ የዚያ የሦስት ሳምንት የፈረንሳይ ብስክሌት ውድድር፣ ተንታኝ ይሆናል። ይሁን፣ ደስ ይላል። የሰለቸኝ ግን የአንድ ቀን አንደኛን የቱሩ አሸናፊ አድርጎ የማየቱን ስህተት በየዓመቱ ከዜሮ ጀምሮ ማስረዳት ነው። እጄ ግሪስ፣ አፌ ክርክር! ስለዚህ አንዴ ልጻፈው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው።

«ቢኒያም እኮ ቱር ደ ፍራንስን አሸንፏል!»

አላሸነፈም። ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ በ2024 ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸነፈ። የመጀመሪያውን ጣሊያን ውስጥ ቱሪን ላይ፣ ሁለቱን ፈረንሳይ ውስጥ። በነጥብ አንደኛ ለሚወጣው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያም ወሰደ። ከእሱ በፊት አንድም ጥቁር አፍሪካዊ የዕለት ውድድር እንኳን አሸንፎ አያውቅም። ትልቅ ታሪክ ነው፤ እኔም በደስታ ጮኼያለሁ። የዚያ ዓመት አጠቃላይ አሸናፊ ግን ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻር ነው። ይህን ስናገር «ቀንተህ ነው» ያለኝ ደንበኛ አለ። በምን ልቀና?

ሕጉ እንዲህ ነው። ብስክሌት ጋላቢዎቹ 21 ቀን ይነዳሉ። የእያንዳንዱ ሰው የየቀኑ ሰዓት ይደመራል። ድምሩ ከሁሉም ያነሰው ያሸንፋል። አለቀ። ስንት ቀን አንደኛ እንደገባ የሚጠይቀው የለም።

አሁንም ካልገባ እዚሁ እንምጣ። የሦስት ቀን ውድድር አዘጋጀን እንበል። አንደኛው ቀን ሰርቦ ደርሶ መልስ፣ ሁለተኛው ቀን ሰቃ ደርሶ መልስ፣ ሦስተኛው ቀን ከፈረንጅ አራዳ ተነስቶ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ። አንዱ ጎረምሳ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀኖች መጨረሻ ላይ ፈትለክ ብሎ አንደኛ ይገባል። ግን ሁሉም ተከታትለው በአንድ መንጋ ስለገቡ የሚያዝላቸው ሰዓት አንድ ነው። ሦስተኛው ቀን ዳገቱ ላይ ልጁ ይደክምና ሦስት ደቂቃ ይቀራል። ከመንጋው ጋር ስምንተኛ ምናምን ሲገባ የነበረው፣ ማንም ስሙን ያልጠራው ቀጭን ልጅ ዳገቱን ይወጣና ዋንጫውን ይወስዳል። የተጭበረበረ የለም።

ቱሩም እንደዚሁ ነው። የዕለቱ አንደኛ በጉርሻ መልክ የሚቀነስለት 10 ሰከንድ ነው። አልፕስ ተራሮች ላይ ደቂቃዎች ለሚጠፉበት ሰው 10 ሰከንድ ምን ትሠራለታለች? ለመጨረሻ ሩጫ የተፈጠሩት ጋላቢዎች ከአሸናፊው በሰዓታት ርቀው ነው የሚጨርሱት። ሥራቸው ሌላ ነው። እንግሊዛዊው ማርክ ካቨንዲሽ 35 የዕለት ውድድሮችን አሸንፏል። በቱሩ ታሪክ ይህን ያህል ያሸነፈ የለም። ቱሩን ግን አንድም ጊዜ አላሸነፈም፤ ለማሸነፍም አልሞከረም። በ1976 ቤልጂየማዊው ፍሬዲ ማርተንስ ስምንት ቀን አሸነፈ። ቱሩን የወሰደው የአገሩ ልጅ ተራራ ወጪው ሉሲየን ቫን ኢምፕ ነው።

የተገላቢጦሹ ይባስ ይገርማል። ሮዤ ዋልኮቪያክ በ1956፣ ግሬግ ለሞንድ በ1990፣ ክሪስ ፍሩም በ2017፣ ኤጋን በርናል በ2019 አንድም ቀን አንደኛ ሳይገቡ ቱሩን አሸንፈዋል። አንድም ቀን!

የሚከራከረኝ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ «ታዲያ ፖጋቻር በ2024 ስድስት ቀን አሸንፎ የለ?» ይላል። አሸንፏል። ዋንጫውን የሰጠው ግን ሁለተኛ የወጣውን ዮናስ ቪንጌጎን በድምር ሰዓት ከስድስት ደቂቃ በላይ መቅደሙ ነው።

የሴቶቹን ቱር ያየ ደግሞ ይህን ጥያቄ ጨርሶ አይጠይቅም። በ2024 ደሚ ቮለሪንግ የመጨረሻውን ቀን፣ ያውም አልፕ ዱዌዝ ተራራ አናት ላይ፣ አንደኛ ገባች። ቱሩን ያሸነፈችው ግን ካሲያ ኒየቪያዶማ ናት። በ4 ሰከንድ። ቮለሪንግ ቀደም ብሎ በአምስተኛው የዕለት ውድድር ወድቃ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ አጥታ ነበር። ያንን መልሳ ልትጨርሰው 4 ሰከንድ ቀራት። እኔ ያንን ቀን አይቼ ራት መብላት አቅቶኛል።

«ቢጫ ማሊያ የለበሰው አሸናፊ ነው»። የዚያን ቀን መሪ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ፋቢያን ካንቼላራ 29 ቀን ለብሶታል፤ ቱሩን አላሸነፈም። ዣን ሮቢክ በ1947 መንገድ ላይ አንድም ቀን ሳይለብሰው በመጨረሻው ቀን ወሰደው።

«የመጨረሻው ቀን ሰልፍ ብቻ ነው»። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። በ1989 ግን ፈረንሳያዊው ሎራን ፊኞ አሜሪካዊውን ለሞንድን 50 ሰከንድ እየመራ ከቬርሳይ ተነሳ። 24 ተኩል ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር የቀረው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደምበት። ፓሪስ ሲደርሱ ለሞንድ በ8 ሰከንድ አሸነፈ። ለሦስት ሳምንት የተነዳው ከ3,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር።

«አሜሪካዊው ላንስ አርምስትሮንግ ቱሩን ሰባት ጊዜ ያሸነፈ ነው»። ሰባቱም በ2012 ተሰርዘውበታል፤ አበረታች መድኃኒት። ከ1999 እስከ 2005 ያለው የአሸናፊዎች ዝርዝር ባዶ ነው፤ በቦታው የተተካ የለም። ክብረ ወሰኑ አምስት ነው። አራት ሰዎች ይጋሩታል፤ አንኬቲል፣ መርክስ፣ ኢኖ፣ ኢንዱራይን።

«የድሮዎቹ ንጹሕ ነበሩ» የሚሉኝ ደግሞ አዛውንቶች ስለሆኑ ዝም እላለሁ። እዚህ ግን ልናገር። ቱሩ የተጀመረው በ1903 ነው፤ ሞሪስ ጋራን ሦስት ሰዓት ሊሞላ በተቃረበ ልዩነት አሸነፈ። በዓመቱ እንደገና አንደኛ ወጣ። ከዚያ እሱም፣ ከኋላው የነበሩት ሦስቱም ተሰረዙ። የ1904 አሸናፊ ተብሎ የተመዘገበው አምስተኛ የወጣው የ19 ዓመቱ ኦንሪ ኮርኔ ነው። ከዚያ በኋላ አዘጋጆቹ ሰዓት መደመሩን ትተው እስከ 1912 በነጥብ ሞከሩት። ስለዚህ አባቶቼ፣ ማጭበርበሩ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ አለ።

«ከአፍሪካ የተወለደ አላሸነፈም»። ፍሩም ናይሮቢ ነው የተወለደው፤ አራት ጊዜ አሸንፏል። የኛው ፅጋቡ ግርማይም በ2016 ቱሩን በመጋለብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

አሁን ወደ ሥራዬ። «ያሸነፋቸው ብስክሌቱ ነው፤ የእኔንም አቅልልልኝ» የሚለኝ በዝቷል። ስሙ፣ የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ሕግ ከ6.8 ኪሎ በታች የሆነ ብስክሌት አያሳልፍም። መሪውም መጨረሻ የሚገባውም የሚነዱት ክብደቱ ተቀራራቢ ነው። አንዱ ልጅ እንዲቀልለት ብሎ የኋላ ፍሬኑን አስወልቆ ጅሬን ወጣ። መውጣቱንስ ወጣ። ሲወርድ ያቆመው የሰው አጥር ነው። ጎማው፣ ሹካው፣ ክርኑ አንድ ላይ መጡልኝ፤ የመጨረሻውን ወደ ሐኪም ላክሁት።

ገንዘብ ካላችሁ ጥሩ ጎማና ትርፍ ከመነዳሪ ግዙ። ነፋሱን በየሳምንቱ እዩ። ሰንሰለቱን ጥረጉና ዘይት ጠብ አድርጉበት፤ የምግብ ዘይት ግን አይደለም፣ ያመጣልኝ ሰው ስላለ ነው። ዳገት ላይ ማርሹን እግራችሁ ከመድከሙ በፊት ቀይሩ፤ ቆማችሁ እየረገጣችሁ ስትቀይሩ ነው ሰንሰለት የሚበጠሰው። ውሃና ሙዝ ያዙ፣ ሳይርባችሁ ብሉ። መጨረሻ ላይ መፈትለኩን ትታችሁ ከነገ ጀምሮ ዳገቱን በአንድ ዓይነት ፍጥነት መውጣት ተለማመዱ። ሰዓታችሁን ጻፉና በየሳምንቱ አምጡልኝ፤ እኔ እደምራለሁ። ፍሬን አውልቅልኝ የሚለኝ ግን ሌላ ጠጋኝ ይፈልግ።