የጉልበት ሕመምና የወጣት ስፖርተኞች ሥነ ልቦና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጉልበቱን የታመመ ወጣት ስፖርተኛ ሲያጋጥመን አብዛኞቻችን የምንጠይቀው «መቼ ነው የምትመለሰው?» ብለን ነው። ጥያቄው ከመቆርቆር የመጣ ቢሆንም፣ ቀኑን ለማያውቅ ልጅ ግን በየዕለቱ የሚጨመርበት ሸክም ይሆናል። ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ያሉትን አመለካከቶች አንድ በአንድ ማየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

«የተጎዳው ጉልበቱ ነው፤ መንፈሱን ምን ነካው?»

የሌሎቹ ስሕተቶች ሁሉ መነሻ ይህ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ማንነቱን ገና በመቅረጽ ላይ ነው፤ ማንነቱንም «እኔ ሯጭ ነኝ» ወይም «እኔ ተከላካይ ነኝ» በሚል አንድ ነገር ላይ ብቻ ያቆመ እንደሆነ፣ ጉልበቱ ሲከዳው የሚቀርበት ልምምድ ብቻ አይደለም። ጓደኞቹን የሚያገኝበት ሰዓት፣ ንዴቱን የሚያበርድበት ሩጫ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚያመጣለት ድካም ሁሉም በአንድ ቀን ይቋረጡበታል። ስለዚህ ሐዘንና ብስጭት ቢበዛበት፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ቢዛባ፣ በትምህርቱም ቢዳከም ሊያስገርመን አይገባም።

ጉልበትና አእምሮ የሚገናኙበት ሌላም መንገድ አለ። ጉልበት ሲጎዳ ወይም ውኃ ሲቋጥር፣ የነርቭ ሥርዓቱ ከጭን ፊት ለፊት ያለውን ትልቅ ጡንቻ በከፊል ያግደዋል፤ ባለቤቱ የቱንም ያህል ቢጥር ጡንቻው በሙሉ ኃይሉ አይሠራም። ልጁ «እግሬ አልታዘዝ አለኝ» ሲል ስንፍናውን እየሸፈነ ሳይሆን በሰውነቱ ውስጥ የሚሆነውን በትክክል እየተናገረ ነው። ይህን ማንም ያላስረዳው ልጅ ግን ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል።

«የዕድገት ሕመም ነው፤ ያልፋል»

እ.ኤ.አ. በ1903 አሜሪካዊው ሮበርት ኦስጉድና ስዊዘርላንዳዊው ካርል ሽላተር፣ ሁለቱም በየፊናቸው፣ በስማቸው «ኦስጉድ-ሽላተር» ተብሎ የሚጠራውን የጉልበት ሕመም ገለጹ። በፍጥነት በማደግ ላይ ያሉና ሩጫና ዝላይ የሚያዘወትሩ ልጆችን የሚይዝ ሲሆን፣ ከጉልበት ሎሚ በታች የሚወርደው ጅማት ገና ያልጠነከረውን የቅልጥም ጫፍ ደጋግሞ በመጎተቱ ሥቃይና እብጠት ያስከትላል። አጥንቱ አድጎ ሲጨርስ ሕመሙ በአብዛኛው እንደሚቀር እውነት ነው። ሆኖም ወራት አልፎም ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ ለ13 ዓመት ልጅ ደግሞ አንድ የውድድር ዓመት ረጅም ዘመን ነው።

በጉልበት ሎሚ ዙሪያ ያለ ሕመም ከዚህም የከፋ ፈተና አለው። ራጅም ሆነ ኤም.አር.አይ. ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ምንም ጉዳት አይታይም፤ ቀዶ ጥገና የለም፣ ጠባሳ የለም፣ ክራንች የለም። ባለሙያው «ምንም የለብህም» ብሎ ሲያሰናብት ልጁ የሚሰማው «ዋሽተሃል» የሚል ቃል ነው። የቡድን ጓደኞቹ ይጠራጠሩታል፤ ውሎ አድሮም ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። እንደ እኔ እምነት ከጉልበት ሕመሞች ሁሉ ይበልጥ ወጣቱን በብቸኝነት ስሜት የሚያስጨንቀው ይህ በምስል የማይታየው ነው። «ምስሉ ላይ ጉዳት አይታይም፤ ሕመምህ ግን እውነተኛ ነው» ማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው።

«ጉልበቱ ከዳነ ለውድድር ዝግጁ ነው»

በጉልበት ውስጥ የጭንንና የቅልጥምን አጥንት የሚያያይዘው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ በቀዶ ጥገና የተተካላቸውን ስፖርተኞች የተከታተሉ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2014 ተሰብስበው ሲገመገሙ፣ የትኛውም ዓይነት ይሁን ወደ ስፖርት የተመለሱት 81 ከመቶ፣ ከጉዳቱ በፊት ወደነበሩበት ደረጃ የተመለሱት 65 ከመቶ፣ ወደ ውድድር የተመለሱት ደግሞ 55 ከመቶ ሆነው ተገኝተዋል። ላለመመለስ በተደጋጋሚ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ እንደገና የመጎዳት ፍርሃት ነው።

ይህን ፍርሃት ሜዳ ዳር ቆሞ በዐይን ማየት ይቻላል። በቅርቡ ወደ ልምምድ የተመለሰች ልጅ ኳስ በአየር ሲመጣ ከመዝለሏ በፊት ለቅጽበት ጉልበቷን ዝቅ ብላ ታያለች፤ ስታርፍ ክብደቷን በደህናው እግር ላይ ትጥላለች፤ ከተጋጣሚ ጋር ልትገናኝ ስትል ግማሽ እርምጃ ትዘገያለች። «አትፍሪ!» ብሎ መጮኽ ይህን አያስተካክለውም፤ ፍርሃቷ መሠረት አለውና። ዕድሜያቸው ከ25 በታች ሆኖ ወደ ስፖርት ከተመለሱት መካከል 23 ከመቶ የሚሆኑት ያንኑ ወይም የሌላኛውን እግር ጅማት ዳግም እንደተጎዱ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የጥናቶች ግምገማ አሳይቷል። ለፍርሃቷ መልስ የሚሆነው የጡንቻዋ ጥንካሬ ተለክቶ ሲነገራት፣ ዝላዩም ከቀላል ወደ ከባድ ደረጃ በደረጃ ሲለማመድ ነው። ሥነ ልቦናዊ ዝግጁነትን ራሱን የሚለካ፣ 12 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አለ፤ ጉልበቱን የሚለካ ባለሙያ እርሱን የማይጠቀምበት ምክንያት አይታየኝም።

«ጠንካራ ስፖርተኛ አያማርርም»

ቦታውን እንዳይነጠቅ የፈራ ልጅ ሕመሙን ይደብቃል፤ ማስታገሻ ውጦ ይሰለፋል፤ ከቀኑ ቀድሞ ለመመለስም ይቻኮላል። ከፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ቀዶ ጥገና በኋላ ግን እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ መመለሱ በዘገየ በእያንዳንዱ ወር ጉልበት ዳግም የመጎዳቱ ዕድል በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በኖርዌይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ችሎ ዝም ማለትን የሚያደንቅ አሰልጣኝ ሳያውቀው የሚያስተምረው መደበቅን ነው።

«እስኪድን ከቡድኑ ቢርቅ ይሻላል»

አይሻልም። ጨዋታውን መዝግቦ እንዲተነትን፣ ታናናሾቹን እንዲያግዝ፣ የላይኛውን የሰውነት ክፍሉን ከቡድኑ ጋር በአንድ ሰዓት እንዲያሠራ ማድረግ ይቻላል። ማየቱ የሚያሳምመው ልጅ ካለ ግን ምርጫው ለእርሱ ይተው።

«የሥነ ልቦና ባለሙያ ለባሰበት ሰው ነው»

እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት የዚሁ መስቀለኛ ጅማት ቀዶ ጥገና ያደረጉ ሰዎችን ከመደበኛው ፊዚዮቴራፒ ጋር ሰውነትን ማዝናናትንና ጉልበታቸው ሲድን በዐይነ ኅሊና ማየትን አለማምዶ ነበር። ከ24 ሳምንት በኋላ ይህን ካልተለማመዱት ይልቅ ጉልበታቸው ጠንክሮ፣ ሕመማቸውና ዳግም የመጎዳት ሥጋታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። የተጠኑት ሰዎች ቁጥር አነስተኛ መሆኑ መታወቅ አለበት፤ ቢሆንም እርዳታው እስኪብስ የሚጠበቅ ሳይሆን ከመጀመሪያው ሳምንት ጋር አብሮ የሚሄድ መሆኑን ያመለክታል።

ሐዘኑ ወይም ለነገሮች ፍላጎት ማጣቱ ከሁለት ሳምንት በላይ በየዕለቱ ከቀጠለ፣ ልጁ ከጓደኞቹ ከሸሸ ወይም ምግብ ከተወ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሊያየው ይገባል። መኖር እንደሰለቸው ወይም ራሱን ሊጎዳ እንደሚያስብ ከተናገረ ደግሞ ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል።