ተጫወተው

ሰንበት ሰላም፣ የቤተ እስራኤል ወገኖቼ።

ኦሪት ዘዳግም 6፥7 ስለ እግዚአብሔር ቃል «ለልጆችህም አስተምረው» ካለ በኋላ፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሚከተለው ቃል «ተጫወተው» ነው። በቤትህ ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛና ስትነሣ ተጫወተው። ዕብራይስጡ «ተናገርበት» ነው የሚለው። ተርጓሚዎቻችን ግን ይህን ቃል በመምረጣቸው እግዚአብሔር ይባርካቸው እላለሁ፤ ጨዋታ ወግም ነው፣ ሕፃናት የሚቦርቁበትም ነው። ጨዋታ ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል።

እኛ ግን ለልጆቻችን የኦሪትን ታሪክ ስንነግር ብዙ ጊዜ ብቻችንን እናወራለን። ኖኅ መርከብ ሠራ፣ እንስሳቱ ገቡ፣ ዝናቡ ዘነበ፣ አንተም ታዛዥ ሁን። ልጁ አፉን ሳይከፍት ታሪኩ ያልቃል። ኦሪት እንዲህ አታስተምርም። በዘፀአት 12፥26 ልጆቻችሁ ይህ አምልኮ ምንድር ነው ብለው ሲጠይቋችሁ እንዲህ በሏቸው ትላለች፤ የልጁ ጥያቄ ይቀድማል፣ መልሱ ይከተላል። ከግብፅ መውጣታችንን በምናስብበት በፋሲካ ማታ፣ ይህ ሌሊት ከሌሎቹ ለምን እንደሚለይ የሚጠይቁትን አራቱን ጥያቄዎች ከገበታው ታናሹ ልጅ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። በአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ በታልሙድ እንደተነገረው፣ ረቢ አቂባ በፋሲካ ዋዜማ ለሕፃናት የተቆላ እህልና ለውዝ ያድል ነበር፤ እንቅልፍ እንዳይወስዳቸውና እንዲጠይቁ። ያ ታላቅ መምህር ቆሎ ይዞ! እናቴም ታሪክ ስታወራልን ቆሎ ከእጇ አይለይም ነበር።

ባለፈው ዓመት የ5 ዓመት ልጄ ከመዋዕለ ሕፃናት መጥቶ አብርሃም የአባቱን ጣዖታት በዱላ እንደሰባበረ ነገረን። እናቴ ሰምታ «አይደለም ልጄ፤ በሌሊት ተነሥቶ ቤተ ጣዖቱን አቃጠለው እንጂ» አለችው። ልጁ ሊያለቅስ ደረሰ። መምህርቱ ዋሽታ ይሆን ወይስ አያቱ?

ሁለቱም አልዋሹም። የመሰባበሩ ታሪክ ከሚድራሽ፣ ማለትም ሊቃውንት ኦሪትን ከሚያብራሩበት ትረካ፣ በዘፍጥረት ላይ ከተጻፈው ከበሬሺት ራባ የመጣ ነው። የእሳቱ ደግሞ አባቶቻችን በግዕዝ ጠብቀው ባቆዩልን በመጽሐፈ ኩፋሌ ምዕራፍ 12 ይገኛል። በኦሪት ዘፍጥረት ግን ሁለቱም የሉም። ታራ ልጁን አብራምን ይዞ ከዑር ወጣ፤ ቀጥሎ «ከአገርህ ውጣ» የሚለው ድምፅ ይመጣል። ስለ አብርሃም ልጅነት አንዲት ቃል እንኳ አልተጻፈችም። ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ይህንኑ ነገርኩት፦ ኦሪት ዝም ብላለች፤ አብርሃም ፈጣሪውን እንዴት እንዳወቀ አባቶች ጠየቁ፣ አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ብሎ አወራልን። ጥቂት አሰበና «ታዲያ አባቱ ተቆጣው?» አለኝ። እስከ እራት ድረስ ስለዚያ ስንጫወት ቆየን።

ስለዚህ አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ የተጻፈውንና የተተረከውን ለይታችሁ ንገሯቸው። ሕፃን ይህን መለየት ይችላል። ሳንነግረው ቀርተን አድጎ መጽሐፉን ሲከፍት ታሪኩን ቢያጣው፣ የነገርነውን ሌላውንም ሁሉ መጠርጠር ይጀምራል።

ሁሉም ታሪክ ለሁሉም ዕድሜ አይሆንም። የታልሙድ መሠረት የሆነው የሕግ መጽሐፍ ሚሽና፣ ስለ ፋሲካ በሚናገረው ክፍሉ በፔሳሒም 10፥4 አባት ልጁን እንደ ልጁ አእምሮ መጠን ያስተምረዋል ይላል። እኔ አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋው ያሰረበትን ታሪክ ለ4 ዓመት ልጅ በመኝታ ሰዓት አልነግርም። አባት በልጁ ላይ ቢላዋ ሲያነሣ ሰምቶ በጨለማ ብቻውን እንዲያድር አልፈቅድም። ቀን ላይ፣ ጭኔ ላይ ተቀምጦ፣ ሲበስል ይሰማዋል።

ከግብፅ የመውጣትን ታሪክ ግን ለማንም ንገሩ፤ ዘፀአት 13፥8 እንደሚለው «እኔ በወጣሁ ጊዜ» እያላችሁ ንገሩ። እናቴ በ1984 እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ከጎንደር ገጠር ወደ ሱዳን በእግሯ ወጥታለች፤ እኔ በጀርባዋ ታዝዬ ነበር። ልጄ አማርኛው ደካማ ነው፣ የእርሷም ዕብራይስጥ እንዲሁ። በመካከላቸው ተቀምጬ እተረጉማለሁ፤ ቄሶቻችን ቃል ኪዳኑን በምናድስበት በዓል በሲግድ በግዕዝ አንብበው በአማርኛ እንደሚያስረዱት፣ በነህምያ 8፥8 ሌዋውያኑ ለሕዝቡ እንዳደረጉት።

ባለፈው ፋሲካ ማጾቱን፣ ያልቦካውን ቂጣ፣ ከፍ ስናደርግ ልጄ እጁን አወጣ፦ «አያቴ፣ እናንተስ በሱዳን መንገድ ምን በላችሁ?»

ተረጎምኩላት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም በስልቻ ስለያዙት በሶና እርሱ ሲያልቅ ስለሆነው ነገር ማውራት ጀመረች፤ እኔም ከዚያ ማታ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን።