ትሩማን፣ ቦምቡ እና አልሞት ያለው ተረት

ታሪክ አስተምራለሁ። አሜሪካ በጃፓኗ ሂሮሺማ ላይ ስለጣለችው አቶሚክ ቦምብ ፈተና ባወጣሁ ቁጥር አንድ መልስ አይቀርልኝም፦ «ፕሬዝዳንት ትሩማን ሁለት ምርጫ ነበራቸው። ወይ ጃፓንን በእግረኛ መውረር፣ ወይ ቦምቡን መጣል። ሲያስቡ አድረው ቦምቡን መረጡ።» ለፊልም ያምራል። እኔን ግን አንገሽግሾኛል።

ትሩማን ሥልጣን የያዙት ከእሳቸው በፊት የነበሩት ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ሲሞቱ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1945 ነው። የጦር ሚኒስትሩ ስቲምሰን ስለ ቦምቡ በዝርዝር ያስረዷቸው ኤፕሪል 25 ነው። ያኔ ቦምቡን የመሥራቱ ሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ወጪውም ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር እያመራ ነበር። ከዚያ በኋላ የተደረገው ውይይት በአብዛኛው «የት እና እንዴት?» የሚል እንጂ «ይጣል ወይስ ይቅር?» የሚል አልነበረም። ወረራውም የቦምቡ ተቃራኒ ምርጫ አልነበረም። በጃፓኗ ኪዩሹ ደሴት ላይ ለኖቬምበር 1 የታቀደውን ወረራ ትሩማን ራሳቸው ጁን ላይ አጽድቀውታል። የአየር ድብደባው፣ የባሕር ከበባው፣ የወረራው ዝግጅት፣ ቦምቡ፣ ሁሉም ጎን ለጎን ነው የሄዱት።

ትዕዛዙን አንብቡት። ጁላይ 25 ቀን የተጻፈ አጭር ደብዳቤ ነው። የፈረሙበት ጄኔራል ቶማስ ሃንዲ ናቸው፤ የተላከው ለጄኔራል ካርል ስፓትዝ ነው። የትሩማን ፊርማ የለበትም። ከኦገስት 3 ገደማ በኋላ አየሩ እንደፈቀደ ከሂሮሺማ፣ ከኮኩራ፣ ከኒጋታ ወይም ከናጋሳኪ በአንዱ ላይ ጣሉ ይላል። ተማሪዎቼ የሚዘሉት ቀጣዩን ነጥብ ነው፦ ተጨማሪ ቦምቦች እንደተዘጋጁ ይጣሉ። ስለዚህ ሁለተኛው ቦምብ ለተጣለባት ለናጋሳኪ አዲስ ትዕዛዝ አላስፈለገም።

ትሩማን በግልጽ ጣልቃ የገቡት ሁለቱም ቦምቦች ከተጣሉ በኋላ፣ ኦገስት 10 ነው፤ እሱም ለማስቆም። ያለ እሳቸው ፈቃድ ሌላ ቦምብ እንዳይጣል አዘዙ። የካቢኔ አባሉ ሄንሪ ዋላስ በማስታወሻቸው እንደጻፉት፣ ሌላ መቶ ሺህ ሰው፣ በተለይም «እነዚያን ሁሉ ሕፃናት» መጨረስ ትሩማንን ዘግንኗቸው ነበር። ይህን ስል ከደሙ ንጹህ ናቸው ማለቴ አይደለም። ያውቁ ነበር፤ ተስማምተውም ነበር። ግን መስማማት ሌላ፣ ሲያስቡ አድሮ መምረጥ ሌላ።

«ቦምቡ የአንድ ሚሊዮን አሜሪካውያንን ሞት አስቀረ» የሚለውም እዚሁ ላይ ይለጠፋል። ስቲምሰን 1947 ላይ፣ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ ባሳተሙት ጽሑፍ ያነሱት ከሚሊዮን በላይ ግምት ሙትና ቁስለኛን አንድ ላይ የያዘ ነው። እባካችሁ፣ ቁጥር ስታዩ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ምንን ቆጠረ ብላችሁ ጠይቁ። ለፈተናም ይጠቅማል።

ቀሪዎቹን ተረቶች በአጭሩ። ቦምቡን አንስታይን አልሠራውም፤ 1939 ላይ ለሩዝቬልት የተላከ ደብዳቤ ላይ ፈረመ እንጂ የቦምቡ ፕሮጀክት ውስጥ አላስገቡትም። የሂሮሺማ ሕዝብ «አቶሚክ ቦምብ ሊጣልባችሁ ነው» የሚል በራሪ ወረቀት አልደረሰውም። ኦገስት 9 የመጀመሪያዋ ዒላማ ናጋሳኪ ሳትሆን ኮኩራ ነበረች፤ ከተማዋ አልታይ ስትል አውሮፕላኑ አቅጣጫ ቀየረ። ጃፓንም እጅ የሰጠችው በቦምቡ ብቻ ነው ለማለት አትቸኩሉ። በዚያው ቀን ሶቭየት ኅብረት በጃፓን እጅ የነበረችውን ማንቹሪያን ወርራለች።

«ሂሮሺማ ዛሬም ሰው አይኖርባትም» የሚሉኝም አሉ። ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት! ቦምቡ የፈነዳው 600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነ ጨረሩ እንደ ቼርኖቢል መሬቱ ላይ አልቀረም። በሦስተኛው ቀን አንዳንድ የከተማዋ ትራሞች ሥራ ጀምረው ነበር። ይህ እልቂቱን አያሳንሰውም፤ እስከ 1945 መጨረሻ ሂሮሺማ ላይ ወደ 140,000፣ ናጋሳኪ ላይ ወደ 70,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። የደም ካንሰርና ሌሎች ካንሰሮችም በተራፊዎቹ ላይ ጨምረዋል። ማህፀን ውስጥ ሳሉ ጨረሩ ያገኛቸው ሕፃናትም ተጎድተዋል። ከቦምቡ በኋላ በተጸነሱ ልጆች ላይ ግን ለአሥርት ዓመታት የተካሄደው ጥናት በዘር የተላለፈ ጉዳት እስካሁን አላሳየም። «በዘር ይተላለፋል» የሚለው ወሬ ግን ጥናቱን አልጠበቀም። ብዙ ተራፊዎች ጋብቻ እንዳይከለከሉ ሲሉ የዚያን ዕለት የት እንደነበሩ ደብቀው ኖረዋል።